ትራንዚት ከዕድሜ ይቆጠራል ወይ?



ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ወጣት ኢስታንቡል ላይ የ10 ሰዓት ትራንዚት አለው እንበል። ዘመድ የለውም፣ ቋንቋውን አይችልም፣ የሚያውቀውም ሰው የለም። እነዚህን 10 ሰዓታት ምን ያድርጋቸው? የአብዛኞቻችን መልስ ይታወቃል፤ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ጥግ ፈልጎ፣ ጃኬት ተከናንቦ፣ "እስኪያልፍ" መጠበቅ። ለደከመው ሰው እንቅልፍም ኒዕማ ነው፣ በዚህ ማንም አይወቀስም። የሚያሳስበኝ "እስኪያልፍ" የምትለዋ ቃል ናት። እንዲያ ስንል እነዚያን ሰዓታት ከሕይወታችን ውጭ አድርገን ቆጥረናቸዋል።

"ዱንያ ትራንዚት ናት" የሚለውን ዳዕዋ ያልሰማ የለም። መሠረቱም ትክክል ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወጣቱን ሶሓባ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርን ትከሻውን ይዘው በዚህች ዓለም እንደ እንግዳ ወይም እንደ መንገደኛ እንዲሆን መክረውታል፤ ሐዲሡን ቡኻሪ ዘግበውታል። ችግሩ እኛ ምክሩን የምንሰማበት መንገድ ነው። መንገደኛ ሲባል ምንም የማይመለከተው አላፊ ሰው ይመስለናል። ኢብኑ ዑመር ግን እንዲህ አልተረዱትም። ያመሸ ሰው ንጋትን፣ ያነጋ ሰው ምሽትን እንዳይጠባበቅ፣ ጤናውንም ሳይታመም እንዲጠቀምበት ይመክሩ ነበር። ከሐዲሡ የወሰዱት ትምህርት መጠበቅን መተው ነው። እኛ ደግሞ "ትራንዚት ላይ ነኝ" የምንለው ለመጠበቅ ሰበብ ሲያስፈልገን ነው። ዲቪ እስኪደርስ፣ ከዐረብ አገር እስክመለስ፣ ሥራ እስክይዝ እያልን ስንት ዓመት እንዳሳለፍን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

የሙሳፊርን ፊቅህ እንይ። መንገደኛ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ያሳጥራል። ረመዳን ከሆነ አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ማውጣት ይፈቀድለታል። ጁምዓ ግዴታ አይሆንበትም። ሸክሙ ቀለለለት እንጂ ስሙ ከመዝገብ አልተሰረዘም። እንዲያውም ዱዓቸው ከማይመለስባቸው ሰዎች መካከል መንገደኛ እንደሚገኝበት በሐዲሥ ተነግሯል። ያ ጃኬት ተከናንቦ የተቀመጠው ልጅ ቤቱ ሆኖ የማያገኘው ዕድል አሁን በእጁ ነው ማለት ነው።

ቂብላን ደግሞ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ላይ ስንሰግድ ፊታችን ወደ ሰሜን ነው። ኢስታንቡል ላይ ወደ ደቡብ ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከጥቂት ሰዓት በረራ በኋላ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ዞረን ወደዚያው ካዕባ እንሰግዳለን። በልማድ ብቻ ለሚሰግድ ሰው ይህ ጥሩ መቀስቀሻ ነው፤ ቆም ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

ከሁሉም በላይ ግን ትራንዚት የሚያሳየን ነገር አለ፤ ይሉኝታ የሌለበት ቦታ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስንሆን ጎረቤት ያየናል፣ የመስጂድ ጀመዓ ያየናል፣ እናታችን ትሰማለች። ይሉኝታ መጥፎ ነው አልልም፤ ስንቱን ወጣት ከስንት ጥፋት ጠብቆታል። ነገር ግን ሶላታችንም፣ ዐይናችንን መስበራችንም፣ ከመጠጥ መራቃችንም በይሉኝታ ብቻ የቆመ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ መጠጡ በነፃ ሲታደልና ማንም ሳያውቀን ስንቀር የቀረው ምን ያህል እንደሆነ እናያለን። እዚያ የምንሰግደው ሁለት ረከዓ ለማንም አይታይልንም። በዚህ የተነሳ ከብዙ የሰፈር ሶላታችን ይልቅ የራሳችን ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ ከበቃና የመግቢያ ፈቃድ ካለ ወደ ከተማው መውጣት መልካም ነው። (የቪዛን ነገር ቲኬት ሳይቆረጥ ማጣራት ነው፤ ደርሶ መጨቃጨቅ አይጠቅምም።) ሒሳቡን ግን በሐቅ እንሥራው። ለፓስፖርት ሰልፍ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ፣ ከበረራው ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት የሚሆነው ሲቀነስ ከ10 ሰዓት 4 ወይም 5 ቢተርፍ ነው። በዚያ ውስጥ አያ ሶፊያንም፣ ሰማያዊውን መስጂድም፣ ቦስፎረስንም፣ ገበያውንም ልያዝ ያለ ሰው ሲሮጥ ውሎ ሲሮጥ ይመለሳል። እኔን ብትጠይቁኝ አንድ ቦታ ይበቃል፤ ኤዩፕ ሱልጣን።

እዚያ ያረፉት አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ ሁሉም እኔ ቤት ይረፉ እያለ ሲሻማ፣ ግመላቸው የታዘዘች ስለሆነች እንዲለቋት ነገሯቸው፤ ማረፊያቸውም የአቡ አዩብ ቤት ሆነ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ነቢዩ ከታች፣ ባልና ሚስቱ ከላይ ሆነው ሳለ አንድ ሌሊት የውሃ እንስራ ተሰበረባቸው። ውሃው በእንግዳቸው ላይ እንዳይንጠባጠብ ያለቻቸውን አንዲት መደረቢያ አውጥተው አደረቁት። ለብሰውት የሚያድሩት ሌላ አልነበራቸውም። እኚህ ሰው በእርጅናቸው ወደ ቁስጥንጥንያ ዘምተው ከአገራቸው ርቀው ሞቱ፤ የተቀበሩትም በከተማዋ ቅጥር አጠገብ ነው። መስጂዱ የተሠራው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1453 በኦቶማኖች እጅ ከገባች በኋላ ነው። ለነቢዩ ቤታቸውን የለቀቁት ሰው ራሳቸው እንግዳ ሆነው ቀሩ። ስትደርሱ ሰላምታ አቅርቡ፣ ዱዓም አድርጉላቸው፤ የሚለመነው ግን አላህ ብቻ ነው። ሁለት ረከዓ ሰግዶ ግቢው ውስጥ ጥቂት መቀመጥ፣ ከዚያ አንድ ሻይ።

ከኤርፖርት መውጣት የማይችለው ግን ይበዛል፤ በተለይ በዶሃና በዱባይ በኩል ለሥራ የሚያልፉ እህቶቻችን። የመጀመሪያ በረራዋ የሆነ፣ እንግሊዝኛም ዐረብኛም የማታነብ ልጅ ቦርዲንግ ፓሷን በሁለት እጇ ይዛ ከስክሪኑ ሥር ቆማ ታያላችሁ። የበሩ ቁጥር ተቀይሯል፤ እሷ አላወቀችም። መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገድ ማሳየት ሰደቃ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በጣት አመልክቶ መሄድ ግን እሷን አያደርሳትም፤ አብሮ መራመድ ያስፈልጋል፣ 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሃይማኖቷን መጠየቅ አያሻም። በሩ ጋ ስትደርሱ «አላህ ይስጥልኝ» ወይም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትገባለች፤ ስማችሁን እንኳ ሳትጠይቅ።

ጁምዓ ሙባረክ።