ከእስረኛ የተወሰደ ገንዘብ አደራ ነው ወይስ ምርኮ?

የሰው ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት መንገድ ብዙ ቢመስልም ተመርምሮ ሲታይ ሦስት ነው። አንደኛው ባለቤቱ ወዶ ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ጕልበተኛ ወይም ሌባ ያለ ፈቃዱ ሲወስድበት ነው፤ ሦስተኛው ባለቤቱ መልሶ ሊቀበለው ለሌላ ሰው ጥበቃ ሲያስረክብ ነው፤ ይህም አደራ ይባላል። እነዚህን ሦስቱን ሕፃን እንኳ ለይቶ ያውቃቸዋል። ነገር ግን ከሦስቱ ወደ የትኛው እንደሚገባ ለመናገር የሚያስቸግር አንድ ሌላ መተላለፍ አለ፤ ይኸውም ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ በተያዘ ጊዜ ፖሊስ ከኪሱና ከእጁ ወይም ከቤቱ የሚወስደው ገንዘብ ነው። ባለቤቱ ወዶ አልሰጠውምና ስጦታ አይደለም። ወሳጁም በሕግ ሥልጣን ወስዶታልና ዝርፊያ ነው አይባልም። እንግዲህ ምንድር ነው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ መልሱ ግን ሥልጣን የያዘን ሰው ሁሉ ሕሊና የሚመዝን ነው።

ነገሩ በፖሊስ ጣቢያ በየቀኑ የሚደረግ ነው። ሰው ተይዞ ሲገባ ገንዘቡ ይቈጠራል፤ ሰዓቱና ቀለበቱ ይወልቃል፤ ቀበቶውና የጫማው ማሰሪያ ይወሰዳል፤ መታወቂያ ወረቀቱና የቤቱ ቍልፍ፥ በዚህም ዘመን ከሁሉ ይልቅ የእጅ ስልኩ ይያዛል። ለዚህም ሦስት ምክንያት አለ። አንዳንዱ ነገር ለወንጀሉ ማስረጃ ይሆናል ተብሎ ይያዛል፤ ይህን ዛሬ ኤግዚቢት ይሉታል። አንዳንዱ እንደ ቀበቶና እንደ ምላጭ ያለው እስረኛው ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጐዳበት ነው። የቀረው ደግሞ በእስር ቤት እንዳይጠፋ ስለ ባለቤቱ ጥቅም ይቀመጣል። ሦስቱም ምክንያቶች መልካም ናቸው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ እንኳ ገንዘቡን የያዡ ገንዘብ አያደርገውም፤ ሦስቱም ዘመን የተወሰነላቸው ናቸውና። ክርክሩ ሲፈጸም የማስረጃነቱ ጕዳይ ያልቃል፤ ሰውየው ሲፈታ የጕዳቱ ፍርሃት ይቀራል፤ ጥበቃውም በዚያው ይፈጸማል። ምክንያቱ ካለፈ በኋላ የሚቀር መያዝ ምክንያት የሌለው መያዝ ነው፤ ምክንያት የሌለው መያዝም ስሙ ሌላ ነው።

ከጥንት ጀምሮ ግን ይህን ገንዘብ እንደ ምርኮ የሚቈጥሩ ነበሩ። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደ ጻፈው ጌታችንን የሰቀሉት ወታደሮች ልብሱን ለአራት ተካፈሉት፤ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሆኖ በተሠራው እጀ ጠባቡም ዕጣ ተጣጣሉበት። ይህን ሲያደርጉ በሥውር እንደሚሰርቅ ሰው አልፈሩም፤ በሮማውያን ዘንድ የሚገደል ሰው ልብስ ለገዳዮቹ የሚደርስበት ልማድ ነበርና። ኋላም ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ117 እስከ 138 ዓመት የነገሠው፥ ለአንድ ሹም በጻፈው ትእዛዝ ለዚህ ልማድ ወሰን አኖረ። የለበሰው ልብስ፥ ለዕለት ምግቡ በቀበቶው የያዘው ጥቂት ሳንቲም፥ ዋጋውም ከአምስት ወርቅ የማያልፍ ቀለበት ካልሆነ በቀር፥ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ዕንቍ ወይም የብዙ ገንዘብ የዕዳ ወረቀት በዚህ ስም እንዳይያዝ ከለከለ። የሕግ ዐዋቂው ኡልፒያኖስም ይህን ጠቅሶ ጠባቂዎች በገዛ እጃቸው እንዳይወስዱት ጻፈ። የአረማውያን ሕግ ሞት ከተፈረደበት ሰው በሚወሰደው ነገር ላይ እንኳ ወሰን ካኖረ፥ ክርስቲያን የሆነ ሰው ገና ባልተፈረደበት ሰው ገንዘብ ላይ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው ይሆን?

የእግዚአብሔር ሕግ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው ሰው ለባልንጀራው ብር ወይም ዕቃ ያስጠበቀ እንደ ሆነና ዕቃው ቢጠፋ፥ ሌባውም ባይገኝ፥ ጠባቂው እጁን እንዳላገባበት በእግዚአብሔር ፊት ቀርቦ ይመረመራል። በዚያው ምዕራፍ ከድኻ በመያዣ የተወሰደ ልብስ ፀሐይ ሳይጠልቅ ይመለስለት ዘንድ ታዟል፤ በሌሊት የሚተኛበት ሌላ የለውምና። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 ደግሞ አበዳሪ መያዣውን ሊወስድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ ባለቤቱ እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ ተነግሯል። ከነዚህ ሥርዓቶች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ በእውነተኛ መብት የተያዘ ነገር እንኳ ከባለቤቱ አይለይም፤ ያዡም የባለቤቱን ብርድ ሊያስብለት ግዴታ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ ሊመልስ ይችላል፤ አደራ ከመተማመን የሚወለድ ነው፤ እስረኛው ግን ፖሊሱን አምኖ አልሰጠም፤ ስለዚህ ፖሊስ የያዘው ገንዘብ አደራ ሊባል አይገባውም ይላል። ይህ ክርክር ውበት አለው፤ ፍጻሜው ግን ተከራካሪው ከፈለገው በተቃራኒ ይሆናል። በፈቃዱ አደራ የሚያስቀምጥ ሰው ጠባቂውን መርምሮ ይመርጣል፤ ስሙን ይጠይቃል፤ ቤቱን ያያል፤ ካልወደደውም ወደ ሌላ ይሄዳል። ቢጠፋበት ስንኳ ከጥፋቱ ከፊሉ የራሱ ምርጫ ነው። እስረኛው ግን ጠባቂውን አልመረጠም፤ ደጁን አልለየም፤ እንቢ ለማለትም አልቻለም። ምርጫውን የወሰደበት መንግሥት ነው። እንግዲህ የሰውን ምርጫ የወሰደ ሰው የምርጫውን ሸክም ጨምሮ ተሸክሟል። ያለ ፈቃድ የተወሰደ አደራ ከፈቃድ አደራ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ይከብዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የባሰ ነው፤ ሰውየው ወንጀለኛ ነው፤ ለወንጀለኛ ገንዘብ ማን ይገደዋል? የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የዳኛውን ወንበር ሳይቀመጥበት ወስዶታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር አዝዟል። ተፈርዶበትም ቢሆን ቅጣቱ ዳኛው የተናገረው ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። የተሰረቀ ዕቃ ለእውነተኛ ጌታው ይመለሳል፤ ለመያዝ የተከለከለ ነገርና ወንጀል የተሠራበት መሣሪያም ሕግ እንዳዘዘው ይሆናል፤ ይህ ሁሉ በዳኛ ቃል ሲነገር ፍርድ ነው። ዳኛው ሰውየውን አንድ ዓመት ይታሰር ብሎ ፈርዶ ስለ ሰዓቱ ምንም ካልተናገረ፥ ሰዓቱን ያስቀረ ሰው ሁለተኛ ዳኛ ሆኖ ሁለተኛ ቅጣት ፈርዷል። የናቡቴ ታሪክ የተጻፈው ስለዚህ አይደለምን? ናቡቴ በሐሰት ምስክር ተከሶ ተፈረደበት፤ አክዓብም ወይኑን ሊወርስ ወረደ። ነቢዩ ኤልያስም ንጉሡን እንዲገናኘው የተላከው በዚያው በወይኑ ቦታ ነበር። ክስንና ጥቅምን ያገናኘ ሰው እግዚአብሔር የሚገናኘው በወሰደው ነገር ላይ ቆሞ ሳለ ነውና።

የምድር ሕግም ቢሆን ይህን ሳይመለከት አላለፈም። በኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈትሽ በትእዛዙ ከተጻፈው በቀር ሌላ እንዳይይዝ፥ የያዘውን ሁሉ በዝርዝር እንዲጽፍ፥ ሲቻልም ዝርዝሩን ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት፥ ዕቃውም ለፍርድ ቤት እስኪቀርብ በደኅና ቦታ እንዲጠበቅ ሥርዓት አኖረ። በእንግሊዝ አገርም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1897 የወጣ ሕግ በፖሊስ እጅ ያለ ገንዘብ ባለቤት ለሆነው ሰው እንዲሰጥ ዳኛ የሚያዝበትን መንገድ ከፈተ። በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ ደግሞ ሰው ነጻ ወጥቶ ገንዘቡን ሲጠይቅ ንብረቱ በሕግ የእርሱ መሆኑን ራሱ ያስረዳ የሚል ደንብ ነበረ፤ በ1972 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ ከእጁ የተወሰደው ያልተከለከለ ነገር ከሆነ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ይህን ሸክም መጫን ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም ብሎ ፈረደ። የዚህ ፍርድ ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ከሰው ኪስ የወጣ ነገር የዚያ ሰው መሆኑን ኪሱ ራሱ ይመሰክራል፤ አይደለም የሚል ካለ ያስረዳ።

ነገር ግን ሕግ በወረቀት ሲኖር ሰው በደጅ ይቆማል። ለምሳሌ አንድ አናጢ ይታሰብ፤ በሌላ ሰው ጠብ ተጠርጥሮ ሲያዝ መጋዙ፥ መዶሻው፥ መላጊያውና መሮው ያሉበት ከረጢት፥ የደንበኞቹም ቍጥር የተመዘገበበት ስልኩ አብሮ ተያዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጥፋት አልተገኘበትምና ተፈታ። ማግሥቱን ወደ ጣቢያው መጥቶ፥ «ጌታዬ፥ ዕቃዬን ልውሰድ?» ይላል። «ያዡ የለም፤ ሰኞ ተመለስ» ይሉታል። ሰኞ ሲመጣ ከዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ አምጣ ይባላል፤ ደብዳቤውን ሲያመጣ ዝርዝሩ አልተገኘም ይባላል፤ ዝርዝሩ ሲገኝ ከረጢት ይላል እንጂ በውስጡ ያለውን አይናገርም። በመካከሉ ሥራ የለም፤ የቤት ኪራይ ግን ቀን ይቈጥራል። አንድ ሰው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ መማለጃ ቢሰጥ እንደሚፈጥንለት ይነግረዋል። በመጨረሻም አናጢው ተስፋ ቈርጦ «ይቅርብኝ» ብሎ ይሄዳል።

የጥያቄው ልብ በዚህች ቃል ላይ ነው። ባለቤቱ ትቶታልና እዳው ወርዷል የሚል ጠባቂ ራሱን ያታልላል። ከድካም የተነሣ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው አልሰጠም፤ ተሸነፈ እንጂ። ስጦታ ከሙሉ ልብ ይወጣል፤ ይህ ግን የወጣው ከባዶ ሆድ ነው። ባለጠጋ ጠበቃ ልኮ ሰዓቱን ያስመልሳል፤ ድኻው የመመላለሻው ኪሳራ ከዕቃው ዋጋ ስለሚበልጥበት ይተዋል፤ ስለዚህ በኤግዚቢት ክፍል አቧራ ለብሶ የሚቀረው በአብዛኛው የድኻ ገንዘብ ነው። አካሉ ተፈትቶ መሣሪያው የታሰረ አናጢም ገና በእኩሌታው እስረኛ ነው።

ትንሽ ዕቃ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር ሐዋርያው ጳውሎስን ያስብ። በሮም በሰንሰለት ታስሮ፥ ሞቱ መቅረቡን እያወቀ፥ ለጢሞቴዎስ በላከው መልእክት በጢሮአዳ በአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን ይዞለት እንዲመጣ አሳሰበው፤ ከክረምትም በፊት እንዲደርስ ለመነው። ሦስተኛው ሰማይ ድረስ የተነጠቀ ሰው ስለ በርኖሱ መጻፉ ያስደንቃል። እስረኛ ከዓለም ሁሉ ተለይቶ ሳለ የእርሱ የሆነች ጥቂት ነገር ሰው መሆኑን ታስታውሰዋለችና። አክርጳም የተመሰገነ ጠባቂ ነው፤ ሐዋርያው ዕቃው በእጁ እንዳለ ሳይጠራጠር ልኳልና።

ይህ ሁሉ ሲነገር ፖሊስን ለመንቀፍ አይደለም። ዕቃው ብዙ፥ ቦታው ጠባብ፥ የሥራው ሰው ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰተኛ ባለቤትም እየመጣ ጠባቂውን ያስጨንቃል። ስለዚህ ባለ ገንዘቡም ድርሻ አለው፤ ዝርዝሩን ሳያነብ አይፈርም፤ ደረሰኙን እንደ ገንዘብ ይጠብቃል፤ የእርሱ ያልሆነውን የእኔ ነው አይልም፤ መማለጃ ሰጥቶ ጠባቂውን ከኀጢአቱ ጋራ አያስተባብርም፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ እንቢ ቢባል ወደ ዳኛ ይሄዳል። ጠባቂው ግን ከዚህ የሚበልጥ ድርሻ አለው፤ ሰውየው የሚፈታበትን ቀን ያውቃልና በዚያው ቀን ከመፍቻው ወረቀት ጋራ ዕቃውን አዘጋጅቶ ሊጠብቅ ይገባዋል። አደራ ተቀባይ ባለቤቱን ይፈልጋል እንጂ ባለቤቱ አደራ ተቀባዩን እየለመነ አይዞርም። እስረኛ የሚጠይቁ ካህናትና ምእመናንም «ተፈታህን?» ብለው አይብቃቸው፤ «ገንዘብህስ ተመለሰልህን?» ብለው ይጨምሩ፤ ማንበብ ለማይችለውም ማመልከቻ ይጻፉለት።

በአገር ሲነገር የኖረ አንድ ክፉ ምሳሌ አለ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል ይላል። የነቢዩ ሳሙኤል ሥራ ግን ይህን ያፈርሰዋል። እርሱ በሸመገለ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ በእግዚአብሔርና በቀባው ፊት ቆሞ የማንን በሬ፥ የማንን አህያ እንደ ወሰደ እንዲመሰክሩበት ጠየቀ፤ ሕዝቡም ምንም አልወሰድህብንም ብለው መሰከሩለት። የኤግዚቢት ክፍል ቍልፍ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ቍልፉን ለተተኪው በሚያስረክብበት ቀን ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ ቢችል፥ ያ አናጢም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ሊመሰክርለት ቢችል፥ ከሹመቱ የወጣው ባለጠጋ ሆኖ ነው። እግዚአብሔር ለጠባቂዎች ሁሉ ይህን ልቡና ይስጥ።