የተጠማን ማጠጣት



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደምናነበው፣ ጌታችን በመንገድ ደክሞ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ። ጊዜው ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ምግብ ሊገዙ ወደ ከተማ ሄደው ሳሉ አንዲት ሳምራዊት ሴት ውሃ ልትቀዳ መጣች፤ እርሱም የሚጠጣው ውሃ ለመናት። ባሕርንና የብስን የፈጠረ ጌታ መቅጃ እንኳ ሳይኖረው ከአንዲት ሴት እጅ ውሃ ጠባቂ ሆነ። እኛ ካህናትና መምህራን ከዚህ ምዕራፍ ስለ ሕይወት ውሃ ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ መስበካችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ታላቅ ትምህርት የተጀመረው በእውነተኛ ጥም መሆኑን አዘውትረን ልብ አንልም። ስለ ሰማያዊው ውሃ የምናስተምር ሰዎች የምድሩን ውሃ ለተጠማ ከከለከልን ስብከታችን ከንቱ ድምፅ ይሆናል።

ሰው ያለ ምግብ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውሃ ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። ምድራችን በአብዛኛው በውሃ የተሸፈነች ብትሆንም፣ ከዚህ ሁሉ ውሃ ከመቶ 97 ያህሉ ጨዋማ የባሕር ውሃ ነው። ከቀሪውም የሚበዛው በበረዶ መልክ የረጋ ወይም በመሬት ጥልቀት የተሰወረ ነው። እንግዲህ ለሰው ልጅ በቅርብ የተሰጠው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነም በፍትሕ መካፈልን ይጠይቃል።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለው የተረቱት እስከ ዛሬ እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውሃ ማማ ትባላለች። ሆኖም ታላላቅ ወንዞቻችን በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚጓዙ በደጋው ጫፍ የሚኖረው ገበሬ ድምፃቸውን እየሰማ ይጠማል። በብዙ አካባቢ ዝናሙ በጥቂት ወራት ወርዶ ያበቃል። ደኑ የተመነጠረ ተራራም ውሃውን ሊይዘው አይችልም፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፣ ምንጩም በበጋ ይነጥፋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰብንን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። በቅርቡም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው፣ ከብቶች እንደ ቅጠል ረግፈው፣ ስንት ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ!

የውሃ እጦት ሸክም በሁሉም ትከሻ ላይ እኩል አያርፍም። በአብዛኛው የሚያርፈው በእናቶችና በሴቶች ልጆች ጀርባ ላይ ነው። አንድ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ፣ ተራ ጠብቃ፣ ይህን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ስትደርስ ደውሉ ተደውሏል። አምስት ሆነው ለሚኖሩበት ቤት ያ ጀሪካን ለእያንዳንዱ አራት ሊትር ብቻ ያደርሳል፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለዕቃና ለገላ። እጅና ፊት ሳይታጠብ ሲቀር ተቅማጥና ትራኮማ ይከተላሉ፤ ከሁሉ አስቀድመውም ሕፃናትን ያገኛሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምናገረው ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም። ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና በግቢያችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድና ታንከር ነበረን። የበጋው ድርቅ በበረታ ጊዜ ሕዝቡ ስለበዛ ሞተሩ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ፤ በሩም ከቀትር በኋላ እንዲዘጋ አዘዝሁ። አንድ ምሽት አንዲት የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪያችን ጀሪካንዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ዘበኛው ሊጠይቀኝ መጣ፤ እኔም የእሑዱን ስብከት እያዘጋጀሁ ስለነበር «ነገ በጊዜ ትምጣ በላት» አልሁት። ልጅቱ ወደ ኩሬ ወርዳ ከብት የሚጠጣበትን ውሃ ቀድታ ገባች። በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሟ በተቅማጥ ታመመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጤና ጣቢያ ታክሞ ዳነ። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አልወቀሰችኝም፤ «አባ፣ እርስዎማ ሥራ በዝቶብዎት ነው» አለችኝ። ከወቀሳ ይልቅ ይህ ቃል ልቤን ወጋው። ያን ምሽት ስዘጋጅበት የነበረው ወንጌል የሳምራዊቷ ሴት ታሪክ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የቁምስናውን ሽማግሌዎች ሰበሰብንና ቧንቧውን ከአጥሩ ውጭ አወጣነው። ቁልፉን ለሦስት እናቶች ሰጠን፤ ለሞተሩ ጥገና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በየወሩ እንዲዋጣ፣ መክፈል ያልቻለም እንዳይከለከል ተስማማን። ጠብ ጨርሶ ጠፋ ለማለት አልችልም፤ በተራ ምክንያት የተጋጩ ነበሩ። ሞተሩ ግን እንደፈራሁት አልተበላሸም።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ውሃ ጠብ ያውቃል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ፍልስጥኤማውያን በይስሐቅ ቀንተው የአባቱን ጉድጓዶች በአፈር ደፈኑ። ይስሐቅ መልሶ አስቆፈራቸው። የጌራራ እረኞች በአዲሱ ጉድጓድ ሲጣሉት ሌላ ቆፈረ፤ በዚያም ሲጣሉት አልፎ ሌላ ቆፈረ፤ በሦስተኛው ግን ጠብ አልነበረምና ርኆቦት ብሎ ጠራው። ቅናት የሁሉንም ሕይወት ይደፍናል፤ ትዕግሥትና ሥራ ግን ለሁሉ የሚበቃ ስፍራ ያስገኛሉ። የቦረና ወገኖቻችንም ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶቻቸው ይህንኑ ያሳዩናል። ወጣቶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘመሩ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉታል፤ አባ ሄሬጋ የተባለው ኃላፊም የየዕለቱን ተራ ያስጠብቃል። ከመካከላቸው አንዱ እጁን ቢሰበስብ ውሃው ከላይ ለሚጠብቀው አይደርስም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሰብአዊ መብት መሆኑን አውቋል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ለሰው ሕይወት አስፈላጊ ስለሆነ የሁሉም ሰው መሠረታዊ መብት መሆኑን፣ ዓለምም ውሃ ላጡ ድሆች ታላቅ ዕዳ እንዳለበት አስተምረውናል። እንግዲህ የተጠማን ማጠጣት የምሕረት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ዕዳን መክፈልም ነው።

ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ በግቢያችንና በቤታችን ውሃ ካለ በራችንን እንመርምር፤ ለማን ተከፍቷል? ለማንስ ተዘግቷል? ሁለተኛ፣ ወንዶች ልጆቻችንም ጀሪካን ይሸከሙ፤ ውሃ መቅዳት የሴት ዕጣ ነው የሚል ትእዛዝ በወንጌል የለም። ሦስተኛ፣ ምንጮቻችንን አጥረን ከከብት እንጠብቅ፣ ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት በእርከንና በዛፍ እናልብስ፣ የጣራችንን የዝናም ውሃ እናጠራቅም። መምህራን ሆይ፣ ስለ ጥምቀት ስታስተምሩ ልጆቹን ወደ አካባቢያችሁ ምንጭ ውሰዷቸው፤ በጥምቀት የሚቀደሰው ውሃ እናቶቻቸው የሚሸከሙት ያው ውሃ መሆኑን ያስተውሉ።

በቅዳሴያችን ስለ ዝናም እንጸልያለን፤ ካህኑም በጽዋው ወይን ላይ ጥቂት ውሃ ይጨምራል። በመስቀል ላይ የተጠማው ጌታ ያን ጥቂት ውሃ አይንቅም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንደተማርነው፣ ከታናናሾቹ ለአንዱ የተሰጠች አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃም ዋጋዋ አይጠፋም። ዛሬ ማታ ጀሪካን ይዞ በራችን ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ እንድናውቅ እግዚአብሔር ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን። ምድራችንን በዝናም፣ ልባችንንም በፍቅሩ ያርስልን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።