ክትባት፤ ለራስ ወይስ ለባልንጀራ?

የኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ልክ ዓመቱ ሲሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመከላከያው ክትባት በአዲስ አበባ መሰጠት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያስታውቅም፣ ወረርሽኙ ያስነሣው የግብረ ገብ ጥያቄ ግን አብሮ አላበቃም። «የተከተበ ሰውም ከታመመ ክትባቱ ምን ጠቀመው? ደግሞስ ሥጋዬ የራሴ አይደለምን? ሌላውን ምን አገባው?» የሚሉ ወገኖች ዛሬም አሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለእነዚህ ጥያቄዎች ተገቢውን መልስ ይሰጡ ዘንድ፣ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ፣ ቀጥሎም በኅሊና ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል።

ቫይረሱ በላዩ ላይ እንደ እሾህ የቆሙ ፕሮቲኖች አሉት፤ ወደ ሰው ሕዋስ የሚገባውም በእነዚህ አማካይነት ነው። ፋይዘርና ሞደርና የተባሉት ድርጅቶች ያቀረቧቸው ክትባቶች፣ የዚህን እሾህ አሠራር የያዘ ኤም አር ኤን ኤ የተባለ መልእክት ለሕዋሳት ያደርሳሉ። በአገራችን በመጀመሪያ የተሰጠው የአስትራዜኔካ ክትባት ደግሞ ተመሳሳዩን መመሪያ የሚያደርሰው፣ በሰው ውስጥ እንዳይራባ ተደርጎ በተለወጠ ሌላ ቫይረስ ነው። ሕዋሳት በመመሪያው መሠረት እሾሁን ብቻ ይሠራሉ፤ የሰውነት መከላከያ ኃይልም ባዕድ መሆኑን ዐውቆ ፀረ እንግዳ አካላትን ያሰልፋል፤ የጠላቱን መልክ የሚያስታውሱ ሕዋሳትንም ለወደፊቱ ያስቀራል። ኤም አር ኤን ኤ የዘር ውርሳችን ወደሚገኝበት የሕዋስ አስኳል አይገባም፤ ሥራውን ፈጽሞም ይፈራርሳል። ስለሆነም ክትባቱ የሰውን ተፈጥሮ ይለውጣል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ለዚህ ጥበብ መንገድ የከፈቱት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

እንግዲህ የተከተበ ሰው ስለ ምን ይታመማል? ፀረ እንግዳ አካላት ጊዜ በረዘመ ቁጥር እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ቫይረሱም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ እንደ ታየው እንደ ኦሚክሮን መልኩን ይለዋውጣል። ይሁንና አስታዋሾቹ ሕዋሳት ፈጥነው ስለሚነሡ፣ ሕመሙ ወደ ጽኑ ደረጃና ወደ ሞት የመድረሱ ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል። ዘበኛ ያለው ቤት ሌባ ፈጽሞ አይደፍረውም አይባልም፤ ነገር ግን ሌባው ጓዳ ሳይደርስ ዘበኛው ቤተ ሰቡን ይቀሰቅሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂልም ይህንኑ ያመለክታል። በለንደን የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ግምት፣ ክትባቱ መሰጠት በጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በመላው ዓለም 14.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ከሞት አድኗል፤ ሳይመዘገብ የቀረው ሞት ሲታሰብ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 19.8 ሚሊዮን ከፍ ይላል።

ከዚህ በኋላ ወደ ኅሊና ጥያቄ እንመለስ። ሥጋችን በእርግጥ የግላችን ነው፤ እስትንፋሳችን ግን የግላችን ብቻ አይደለም። በአንድ ጣራ ሥር ከአረጋዊት እናታችን፣ በአንድ ወንበር ላይ ከስኳር ሕመምተኛው ጎረቤታችን ጋር አየር እንጋራለን። ክትባቱ ቫይረሱን ወደ ሌላ ማስተላለፍን ጨርሶ አያስቀርም፤ የሚቀንሰውም በከፊልና ለጊዜው ነው። ታዲያ ግዴታችን በዚህ ይቀራልን? አይቀርም። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛው እንደሚድን ማረጋገጫ አልያዘም ነበር፤ በእጁ ያለውን ዘይትና ወይን ግን አልነፈገውም። ፍቅር የምትጠየቀው በምትችለው ልክ ነው። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ባስተላለፉት መልእክት፣ መከተብ የፍቅር ሥራ መሆኑን ያስተማሩት ስለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ፍቅር በጉልበት አትገኝም። አንዳንዶቹ ክትባቶች ሲዘጋጁ ወይም ሲፈተሹ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ከተቋረጡ ፅንሶች የተገኙ የሕዋስ ዘሮች በመዋላቸው የብዙ ምእመናን ኅሊና ታውኮ ነበር። የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወሻ፣ ሌላ ነውር የሌለበት ክትባት በማይገኝበት ጊዜ እነዚህን መጠቀም በግብረ ገብ የተፈቀደ መሆኑን፣ ይህም ፅንስ ማቋረጥን ማጽደቅ አለመሆኑን አስረዳ። መከተብ በፈቃድ እንዲሆን፣ በኅሊናው ምክንያት ያልተከተበም በሌላ መንገድ ባልንጀራውን ከመበከል እንዲጠነቀቅ አሳሰበ። ነጻነት ኀላፊነትን የሚያስቀር ሳይሆን የሚያከብድ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እውነትም ሳትቆራረጥ መነገር አለባት። ከአስትራዜኔካ ክትባት በኋላ ያልተለመደ የደም መርጋት፣ ከኤም አር ኤን ኤ ክትባቶች በኋላም በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት በጥቂት ሰዎች ላይ ደርሷል። ይህን የሚሸሽግ መምህር ነገ ስለ ጥቅሙ ሲናገር የሚያምነው አያገኝም፤ ጥቂቱን አግንኖ ብዙዎችን የሚያስፈራም በሐሰት ይመሰክራል። ባለጠጎች አገሮች እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝባቸው ከሚበቃው በላይ ሲያከማቹ የድኾች አገሮች ሐኪሞች ተራ መጠበቃቸውም ሊረሳ አይገባም። የባልንጀራ ፍቅር ከግለሰብ ብቻ ሳይሆን ከመንግሥታትም ይፈለጋልና።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ የምንመክረው ይህን ነው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ነባር ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የጤና ሠራተኞች ስለ ክትባቱ የጤና ባለሙያን ይጠይቁ፤ መምህራንም ያልመረመሩትን ወሬ አያስተላልፉ፤ ያልተከተበውን ማንም አይናቅ። ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው እንዳልሆነ ተናገረ። እኛ ግን «ሥጋዬ የራሴ ነው» ከማለታችን በፊት፣ አጠገባችን ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ቀና ብለን እንመልከት።