ቀኑ ደርሶ ነው?

«ቀኑ ካልደረሰ ማን ይሞታል?» የሰፈራችን ሰው አደጋ ባየ ቁጥር የሚለው ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት አንድ ባለሞተር ዕቃ አድራሽ ወድቆ ባየሁ ጊዜም ይህንኑ ሰማሁ። እኔም አማኝ ነኝ። ግን ቀኑን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ከሆነ፣ እኛ «ደርሷል» የማለት ሥልጣን ከየት አገኘን?

አንዲት እናት ጸበል በጠርሙስ ይዘው ቀረቡ፤ አንድ ጎረምሳ ሄልሜቱን ሊያወልቅለት እጁን ሰደደ። ሁለቱም አዝነው ነው። ነገር ግን አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ፣ መተንፈስ እስካላቃተው ድረስ ሄልሜቱ መነካት የለበትም፤ ራሱን የሳተን ሰው ማጠጣትም ያንቀዋል። «እማማ፣ ጸበሉ ይቆየን፤ ነጠላዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ አጥፈው ሰጡኝ፤ ደም በሚፈሰው ጭኑ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ጎረምሳው ሞተሩን አጥፍቶ ከመታጠፊያው በላይ መኪና ሊያስቆም ሮጠ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ሳምራዊ ስለ ዕጣ ፈንታ አልተከራከረም። የወደቀውን መንገደኛ ቁስል አሰረ፣ በአህያው ጫነው፣ ለማሳከሚያውም ሁለት ዲናር ከፈለ። ሕጋችንም ከዚህ አልራቀም፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል።

«በምስክርነት እጎተታለሁ» ብላችሁ አትለፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና አደጋ 939 ነው፤ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።