መምህርን ስለ መምረጥ

አዲስ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አስቀምጦ፣ ቀድመውት የገቡትን ስለ መምህራኑ ይጠይቃል። ጥያቄው «ምን ያስተምራሉ?» አይደለም፤ «ነጥብ ይሰጣሉ ወይ?» ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል። በውስጡ ግን የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፤ ሰው የሚማረው ለምስክር ወረቀቱ ነው ወይስ ለዕውቀቱ?

በተማሪው ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. እንደገና ከተጀመረ ወዲህ፣ ጀማሪው ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብን፣ ሥነ ልቡናን፣ ጂኦግራፊንና ሌሎችንም ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት ይማራል። ወደሚሻው የትምህርት ክፍል የሚገባው ግን ነጥቡ ሲፈቅድለት ነው። ከኋላው በሬ ሸጦ የላከው አባት፣ ተራውን የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም ይኖራል። እንዲህ ላለው ወጣት «ነጥብን ናቅ» ብሎ መምከር፣ የጠገበ ሰው ለተራበ ስለ ጾም እንደ መስበክ ነው።

ይሁን እንጂ ነጥብ የዕውቀት ጥላ እንጂ ራሱ ዕውቀት አይደለም። ሁለት መምህራንን ማነጻጸር ይበቃል። አንደኛው ለዓመታት የያዘውን ማስታወሻ ያነባል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን ያንኑ ይመልስለታል። ሁለቱም ሳይደክሙ፣ ሳይተዋወቁም ይለያያሉ። ሁለተኛው «ለምን?» ይላል። የቀረበለትን ጽሑፍ በቀይ ቀለም አርሞ ይመልሳል፤ እንደገናም ያጽፋል። የመጀመሪያው ተማሪውን ደስ ያሰኘዋል፤ ሁለተኛው ያከብረዋል። ማክበር ማለት «ከዚህ የበለጠ ትችላለህ» ማለት ነውና። ነጥብ መሰሰት ብቻውን ግን ታላቅ መምህር አያሰኝም። ተማሪ በመጣል የሚኮራው እንደ ሰነፉ ሁሉ ሥራውን አልሠራም። መለኪያው ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ጥያቄ ነው።

የቆሎ ተማሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ለድጓ ቤተልሔም ድረስ የሚጓዘው የመምህሩን ስም ሰምቶ ነው። በቅኔ ቤት የዘረፈው ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ መታረሙም የመማር መንገድ እንጂ ውርደት አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል የነጥብንና የዕውቀትን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ወስኗል።

ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። በዚያ ያገኛቸው መምህራን የሥዕል ተሰጥኦውን አይተው አበረታቱት፤ እርሱም መስመሩን ለውጦ ወደ ሥነ ጥበብ ገባ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን ያስዋበው የመስተዋት ሥዕል የዚያ ለውጥ ፍሬ ነው። የታዘዘለት ትምህርት ሌላ ነበር፤ የወደፊት ሕይወቱን የወሰነው ግን ማንነቱን የተመለከተ መምህር ነው።

እንግዲህ ጀማሪው ተማሪ የትምህርቱን ዝርዝርም ሆነ መምህሩን ለመምረጥ አይፈቀድለት ይሆናል። ምርጫው ግን በዚህ አያበቃም። በማን ክፍል ከፊት እንደሚቀመጥ፣ የማንን በር እንደሚያንኳኳ፣ የታረመ ወረቀቱን ቀድዶ እንደሚጥል ወይም ደግሞ እንደሚያነብ የሚወስነው ራሱ ነው። ለነጥቡ የሚያስፈልገውን ይሥራ፤ ቢያንስ አንዱን ትምህርት ግን ነጥቡ ቢጎድልበት እንኳ ለዕውቀቱ ሲል ይማር። ከዓመታት በኋላ በሽተኛው ሐኪሙን፣ ተከራካሪው ዳኛውን፣ ሕፃኑም መምህሩን ስንት ነጥብ እንዳገኘ አይጠይቀውም። የሚፈልግበት የሚያውቀውን ነው።