ማቅለልና ማጉደል

መምህር ትምህርቱን ለሙያ ለማይፈልገው ተማሪ ቢቀንስበት በደል ነውን? ወይስ ተማሪው ለሚጠቀምበት ያህል ብቻ መስጠት ይበቃዋል?

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ይህን ጥያቄ አጉልተው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆልየት ከተማ የተከፈተው ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በራቸው ለአካባቢው ሕዝብ ክፍት በመሆኑ፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ ወጣት፣ ከሥራ ደክሞ የመጣ ሠራተኛና ልጆች የምታሳድግ እናት በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አብዛኞቹ የሥነ ምድርን ትምህርት፣ ማለትም ጂኦሎጂን፣ የሚማሩት የሙያው ሊቃውንት ለመሆን ሳይሆን ከሚፈለግባቸው የሳይንስ ትምህርት አንዱን ለማሟላት ነው። መምህሩም በየዓመቱ ያንኑ የመጀመሪያ ትምህርት ይደግማል። በዚህም መካከል ፈተና ይመጣበታል፤ «የድንጋዮቹን ስም ይሸምድዱና ይለፉ፤ ምክንያቱ ምን ያደርግላቸዋል?» የሚል።

ነገር ግን ያ የመጀመሪያ ትምህርት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሳይገለበጥ በቆየ የደለል ድንጋይ ንብርብር ውስጥ የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1669 በጽሑፍ ያወጣው ዴንማርካዊው ኒልስ ስቴንሰን ነው፤ እርሱም በኋላ ካህንና ጳጳስ የሆነ፣ በ1988ም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ብፅዕናውን ያወጁለት ሰው ነው። ሕጉ ለሕፃን እንኳ ይገባል፤ ሆኖም በአሪዞና በግራንድ ካንየን ፊት የቆመ ተማሪ ከ1,600 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ገደል እንደ መጽሐፍ ማንበብ የሚጀምረው በእርሱ ነው።

በዚያው ገደል ታችኛው ክፍል ሌላ ትምህርት አለ። በአንዳንድ ስፍራ 500 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የአሸዋ ድንጋይ፣ 1,700 ሚሊዮን ዓመት ያህል ባስቈጠረ አለት ላይ በቀጥታ ተቀምጧል፤ በመካከሉ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ የለም። ታማኝ መምህር ይህን ክፍተት በፈጠራ አይሞላውም፤ «ገጹ እዚህ ጎድሏል» ይላል። የዓለም ዕድሜ ጥቂት ሺህ ዓመት ነው ተብሎ ላደገ ተማሪም ማስረጃውን ሳያፌዝበትና ሳይደብቅበት በትዕግሥት ያሳየዋል።

«የደከመውን ሰው ማስጨነቅ ምሕረት አይደለም» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ ማጉደል ሌላ ነው። የሚያቀልል መምህር መንገዱን ያሳጥራል፤ የሚያጎድል ግን ተማሪውን ሳያደርሰው ደርሰሃል ይለዋል። ተማሪው የድንጋዮቹን ስም ይረሳ ይሆናል፤ በፊቱ ያለውን ምስክር ሳያዛባ መመርመርን፣ የሌለውን አለ ከማለት መቆጠብን ከተማረ ግን፣ ነርስም ይሁን ነጋዴ፣ ወላጅም ይሁን ዳኛ፣ ዕድሜውን ሁሉ ይጠቀምበታል።

እንግዲህ ለጀማሪ እውነትን ማጉደል በደል ነው። ሕፃናትን የሚያስተምሩ ካቴኪስቶቻችንም ይህን ያውቁታል፤ ቃሉ ያጥራል እንጂ እውነቱ አይቀነስም። ሠላሳ ዓመት ያንኑ የመጀመሪያ ትምህርት በታማኝነት ያስተማረ ሰው ፍሬውን በዓይኑ ላያይ ይችላል፤ ደለልም ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ ማየት ለሰው እምብዛም አይሰጠውም።