ጉድጓድ የከፈተ ይክደነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከምድር ጠጠር ያወጣ ሰው ሕግ ያዘዘውን ሁሉ ከፈጸመ በኅሊናው ዘንድ ነጻ ነውን? ነገሩ የመሐንዲሶች እንጂ የመንፈሳውያን ወጣቶች አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን በማኅበር ተደራጅተው በድንጋይ ካባ ሠርተው የሚያድሩ አሉ። የቀረነውም ብንሆን ቤታችን የቆመው፣ የምንሄድበት መንገድ የተሠራው ከካባ በወጣ ድንጋይና ጠጠር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ምድርን መቆፈር በራሱ ኃጢአት አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙት ዐለት ተፈልፍሎ ነው። የፈለፈሏቸው አባቶች ግን የዝናቡ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ ጭምር አስበው ቆፍረዋል። እንግዲህ የሚያስጠይቀው ቆፍሮ ትቶ መሄዱ ነው።

የተተወ ካባ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ክረምት ሲገባ ውኃ ያቁራል። ውኃው ደፍርሶ ጥልቀቱ ስለማይታይ ሊዋኙ የገቡ ልጆች ይሰጥማሉ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ገደል ከሥሩ እየተሸረሸረ ይናዳል፤ ከብትም እረኛም ይዞ ሊወርድ ይችላል። ከበላዩ ያለው የገበሬ ማሳ በየዓመቱ ወደ ጉድጓዱ ይገመሳል። አባቶቻችን «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ የሚገባበት አይታወቅምና» ሲሉ የተናገሩት ስለ ተንኮል ነበር፤ በካባ ዘንድ ግን ምሳሌው እንደ ቃሉ ይፈጸማል።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ቁጥር 33 እና 34 የምናገኘው ሕግ ስለዚሁ ነው። ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላው በሬ ወይም አህያ ገብቶ ቢሞትበት፣ የእንስሳውን ዋጋ ለባለቤቱ እንዲከፍል ያዝዛል። ልብ እንበል፤ ሕጉ ሰውየው ክፉ አስቦ እንደሆነ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከድኖት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ባለ ጉድጓዱ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በሬው ግን ሞቷል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አልራቀም። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲገመገም ደነገገ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ የተጎዳው አካባቢ መልሶ እንዲያገግም የሚያስፈልገው ገንዘብ እንዲመደብ አዘዘ።

ምናልባት «ተቆጣጣሪ ፈርቶ ጉድጓድ የሞላ ሰው ምን ጽድቅ አለው? በግድ የተሠራ በጎ ሥራ በጎ ሥራ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን እንዲህ ነው። ከመስጠም የዳነው ልጅ ጉድጓዱ በፍቅር ይሞላ በፍርሃት አይጠይቅም። ሕግ የሚያስፈልገው ሁላችን ቅዱሳን እስክንሆን ድረስ ልጆች በጉድጓድ እንዳያልቁ ነው። ስለዚህ ሕጉን «ወረቀት ነው» ብሎ መናቅ መንፈሳዊነት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሕግ የማይደርስበት ስፍራ አለ። ካባ ሲከፈት ከላይ ያለው ለም አፈር አስቀድሞ ተገፎ ለብቻው መከመር አለበት። የማይፈለገው ድንጋይና ልቅ አፈርም ለብቻው ይቀመጣል። ሥራው ሲያበቃ ገደሉ በእርከን እየተቆረጠ ተዳፋት ይደረጋል፤ ጉድጓዱ በተቀመጠው ቁልል ይሞላል፤ ለውኃው መውረጃ ይበጅለታል፤ ለሙ አፈር ከሁሉ በላይ ይለብሳል፤ ሣርና ዛፍ የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ለሙ አፈር በመጀመሪያው ቀን ከድንጋዩ ጋር ከተደባለቀ ግን በመጨረሻው ቀን ምን ቢደከም አይለይም። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ለም አፈር እስኪፈጠር በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ያልፋሉና። በዚያ በመጀመሪያው ቀን ተቆጣጣሪ ላይኖር ይችላል። የሚኖሩት ዶማ የያዘው ወይም ዶዘሩን የሚነዳው ሰውና የሚያየው አምላክ ናቸው። የኅሊና ሥራ እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሕግ ሳይቀድመው እንዲህ የሠራ ሰው አለን? ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ በሚባለው ስፍራ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የወጣበት ሰፊ ካባ ሣር እንኳ የማይበቅልበት ምድረ በዳ ሆኖ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. የእርሻ ባለሙያው ሬኔ ሃለር 26 ዓይነት ዛፎች በዚያ ተክለው ቢሞክሩ የጸደቁት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ሸውሸዌ ነው። የረገፈው ቅጠሉ አልበሰብስ ስላለ ሺ እግር የሚባለውን ትል አምጥተው ለቀቁበት፤ ትሉም ቅጠሉን እየበላ አፈር አደረገው። ከዚያ ሌሎች ዛፎች፣ ወፎችና አራዊት ተከተሉ፤ ስፍራውም ሃለር ፓርክ ተባለ። የኬንያ የአካባቢ አያያዝና ማስተባበሪያ ሕግ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ ሥራው ከተጀመረ ከ28 ዓመት በኋላ ነው።

«እርሱ የትልቅ ፋብሪካ ገንዘብ ነው፤ እኛ ለዕለት እንጀራ የምንቆፍር ነን» የሚል ወንድም ቢኖር እውነት አለው። ሆኖም ድሀው የተወው ጉድጓድ የሚውጠው ያንኑ የድሀውን ልጅ ነው። ደግሞም አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፉ የፊተኛውን እየሞሉ መሄድ፣ ሁሉን ለመጨረሻ ከማቆየት ይቀላል። ከእያንዳንዱ ቢያጆ ጥቂት ብር ለዚሁ የሚያስቀምጥ ማኅበር ሲበተን ዕዳ ጥሎ አይሄድም።

ሸክሙን ግን በቆፋሪው ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ገዢው ጠጠሩን በርካሽ የሚያገኘው አንዳንዴ ጉድጓዱ ክፍት ስለሚተው ነው። እርሱ ያልከፈለውን እረኛው ልጅ ይከፍልለታል። ስለዚህ ቤት ስንሠራ፣ ይልቁንም ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ጠጠር ሲታዘዝ፣ የቢያጆውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ካባው ፈቃድ እንዳለውና ሲያበቃ ማን እንደሚከድነው እንጠይቅ። ባለቤት የሌለው ጉድጓድ በሰፈራችን ካለም አጥር እንዲደረግለትና እንዲሞላ ከቀበሌው ጋር እንነጋገር። ገደሉ ሳይስተካከል በአፉ ችግኝ ተክሎ ፎቶግራፍ መነሣት መክደን አይባልም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሕግን መፈጸም ግዴታ ነው፤ ያልፈጸመ ስለ ኅሊናው ሊያወራ አይችልም። ፈጽሞ ግን አልጨረሰም። ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ እኛ በአደራ የተቀበልን ነን። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ዕቃውን ሲመልስ የሚያስበው ከቅጣት ስለ መዳኑ ሳይሆን ባለቤቱ ሲያየው ደስ ይለው እንደሆነ ነው። የሚቆፍር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ለሙን አፈር ለብቻው እንዲከምር አምላካችን ልቡናውን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።